ሐጅ የሚሄደውን ሰው ሁሉም አፉ... ይቅር ብለንሃል አሉት... እማማ ፋጡሜ ግን እምቢ አሉ!

"አልልህም! ብያለሁ አልልህም!"

በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ...

ሙሀዲን በከሚሴ ጠራራ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ።

እንዲህ ሲባረር ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሙሀዲን የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ኒያ፣ አንድ የልብ ሐሳብ ብቻ ነበረው... በገዛ እጁ ባደሳት ሞተር ሐጅ መሄድ!

ከከሚሴ በባቲ አድርጎ ጅቡቲ... ከዚያ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ መካ።

የጉዞ ወረቀቱ አልቋል። መርከቡ ተይዟል። ሁለት የጉዞ ጓደኞቹ በነጋታው ረፋድ ላይ ባቲ ሊጠብቁት ተቀጣጥረዋል።

ካልደረሰ ጥለውት ይሄዳሉ። መርከብ መቼም ሰው አይጠብቅም።

የተከራየውን ቤት ስለሚለቅ ዕቃውን ሁሉ እያወጣ ሰደቃ ሰጠ።

ፍራሹን ለመስጊዱ ዘበኛ... ቴሌቪዥኑን ለባጃጅ ሹፌሩ ለኸይሩ... የልብስ ስፌት መኪናውን ባሏ ለሞተባት ለረቢአ...

ሰው "ማሻአላህ!" ሲለው ደስ ይለዋል። እውነቱን እንነጋገርና ማን ደስ አይለውም?

ሚስቱ ዓዲላ እሱ እስኪመለስ ሰንበቴ ከተማ እናቷ ጋ ትቆያለች። እንዲያ ተብሎ ተወስኗል።

መቼም እንደምታውቁት እኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ብድግ አይልም። ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ይላል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ የአላህ ቤት ፊት አይቆምማ!

ሙሀዲንም ዞረ። ባለሱቁ አፉ አለው። አከራዩ አፉ አለው። ድሮ በቡጢ የተማታው ሰውዬ እንኳ አቅፎት አለቀሰ።

የቀሩት ጎረቤቱ እማማ ፋጡሜ ብቻ ናቸው።

ከአራት ዓመት በፊት የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጥራቸው ስር ደፍቶ ፓፓያቸውን አድርቆባቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሲለምናቸው "አልልህም" አሉት።

በሁለተኛው ቀን ፍሪጁን በባጃጅ አስጭኖ መጣ።

"ፍሪጅ ደጄ ስላቆምክ አፉ የምልህ መሰለህ? መልሰው!"

ሦስተኛው ቀን ላይ ያው በሩ ተዘጋበት።

ግራ ሲገባው ሼኽ ሙሐመድዘይን ዘንድ ሄደ። ሼኹ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ...

"ሴትዮዋ ከልባቸው ካዘኑብህ፣ ልጄ፣ እኔ ሂድ አልልህም" አሉት።

የጉዞው ቀን ነጋ...

ቤቱ ኦና ሆኗል። ሞተሯ ተጭና ቆማለች። ስልኩ ከባቲ ይጮኻል።

"የት ደረስክ? ልንነሳ እኮ ነው!"

ሙሀዲን ሮጦ እማማ ፋጡሜ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ንዴቱም ለቅሶውም ባንዴ መጣበት።

"ለአንድ ፓፓያ ብለው ሐጄን ያስቀሩብኛል? ግፍ አይሆንብዎትም?"

በሩ ተከፈተ።

"ኢልመኮ... ልጄ... የፓፓያውንማ ያኔውኑ አፉ ብየሃለሁ።"

"እና ምን በደልኩዎት?"

"እኔን ምንም። መንደሩን ስትዞር ከማን ጀመርክ?"

"ከባለሱቁ..."

"የራስህን ቤትስ ለምን ዘለልከው?"

ሙሀዲን ዞር ብሎ ቤቱን አየ።

"ለረቢአ የሰጠኸው የስፌት መኪና የማን ነው?"

"የ... የዓዲላ።"

"ሳታገባህ በፊት ገዝታ የመጣችው ነው። ዘጠኝ ዓመት የመንደሩን ልጆች ዩኒፎርም የሰፋችበት። ሰደቃ ከራስ ነው ሙሀዲን! በሰው ዕቃ 'ማሻአላህ' ይባላል?"

"ምንም አላለችኝም እኮ..."

"ኒያውን አላበላሽበትም ብላ ነዋ! እኔ ቤት መጥታ ነው ስታለቅስ የዋለችው። ሰንበቴ ሂጂ ስትላትስ ትሄጃለሽ ወይ ብለሃታል? እኔ አፉ ብልህ ኖሮ ሞተርህን አስነስተህ እልም ትል ነበር። ራስህ ታስታውሳት ይሆናል ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩህ፤ ሌላ የማቆምበት ዘዴ አጣሁ።"

ስልኩ እንደገና ጮኸ... አላነሳውም።

ኦናው ቤት ሲገባ ዓዲላ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የሰንበቴ ሚኒባስ የምትሳፈርበትን ሰዓት ትጠብቃለች።

"ዓዲላ... አፉ በይኝ። ሳልጠይቅሽ መኪናሽን ሰጠሁብሽ። አሁኑኑ ሄጄ አመጣዋለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንዳትነካው! ረቢአ ልጆቿን የምታበላበት ነው... ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔው ራሴ ተሸክሜ እወስድላት ነበር።"

ሙሀዲን መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

"ልሂድ ወይስ ልቅር? አንቺ ንገሪኝ።"

በዘጠኝ ዓመት ትዳር እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ዓዲላ ከሻንጣዋ ላይ ተነሳች።

"አፉ ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ነው። ከአንጀቴ አልወጣም። ጊዜ ስጠኝ..."

ሙሀዲን ስልኩን አነሳና "እናንተ ሂዱ" አላቸው።

መርከቡ ሄደ። "ሙሀዲን ባሕሩን ፈርቶ ቀረ" ተብሎ ከተማው ሳቀበት። እሱም ለማንም መልስ አልሰጠም።

ዓዲላ አፉ ያለችው በአስራ ሁለተኛው ቀን ነው... ማንም ሳይለምናት፣ ከልቧ።

ሐጁ ለከርሞ ተላለፈ። በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚይዝ፣ እሷ የት እንደምትቆይ አሁን የሚመክሩት ሁለት ሆነው ነው።

ወገኖቼ... "ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል" የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ለሩቁ ሰው እንንበረከካለን... አብሮን የሚበላውን ግን ዝም ስላለ ብቻ የተስማማ ይመስለናል።

ዝም ያለ ሁሉ አፉ አላለም!

እስቲ እናንተ በሙሀዲን ቦታ ብትሆኑ፣ መርከቡ ሊሄድ ሲል ትቀሩ ነበር ወይስ "ስመለስ እክሳታለሁ" ብላችሁ ትሄዱ ነበር? ደግሞስ እማማ ፋጡሜ ልክ ናቸው ትላላችሁ?

ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ ራሴ ይሄን ከመለጠፌ በፊት ቤቴ ገብቼ የምጠይቀው ሰው ነበረኝ።