የኤልሻዳይ የፓዮኒር ልደት

ኤልሻዳይ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ልደቷ የፓዮኒር እንዲሆን እንደምትፈልግ አስታወቀች። ከትምህርት ቤት አንድ የጥንት የፓዮኒሮች እርሻ ሊያሳዩዋቸው ወስደዋቸው ነበር። እናቷ ስመኝ ዩኒኮርን ይሻላል ብላ ተከራከረች፤ አልተሳካላትም።

አያቷ ወይዘሮ ዘነበች ቃሉን ሲሰሙ ከሶፋው ቀና አሉ። ፓዮኒር አገር ቤትም እንደነበረ ተናገሩ፤ በደርግ ጊዜ ሕፃናቱን አንገታቸው ላይ ቀይ ሻርፕ እያሰሩ ያሰልፏቸው ነበር። ስመኝ ያ ሌላ ነው አለች፤ ይኼኛው በበሬ ጋሪ እየሄደ አገር ያቀና ገበሬ ነው።

«ታዲያ ስሙን ለምን ወሰዱባቸው?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ስመኝ አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ናት። ልደቱንም እንደ ሥራ ፈረቃ ያዘችው። ከቴሌቪዥን ካርቶንና ከአንሶላ ጋሪ ሠራች። የበቆሎ ዳቦ መጋገር ተማረች። ኤልሻዳይ ለአሥራ ሁለቱ እንግዶች እርሻው ላይ እንዳየችው ዓይነት ቀይ የአንገት ሻርፕ እንዲገዛላቸው ጠየቀች። ስመኝ ሰማያዊ ገዝታ መጣች። ልጅቷ አለቀሰች። ሻርፖቹ ግን ሰማያዊ ሆነው ቀሩ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሙሊሳ ነበር። የሙሊሳ አያት ጋዲሴ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቅመም ትሸጣለች። ወይዘሮ ዘነበች ከጋዲሴ ጋር ከተነጋገሩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

አዲስ አበባ ሳሉ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት በሚታፈስበት ሰሞን የወይዘሮ ዘነበች የመጀመሪያ ልጅ ኢያሱ ኮርኒስ ውስጥ ተደበቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጋዲሴ ወንፊት ልትዋስ ገባች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ጓዳውን አልፈተሹም፣ አልጋ ሥር አላዩም፤ በቀጥታ ኮርኒሱን በሰደፍ ገፉት። ኢያሱ ከግንባር አልተመለሰም። በእነዚያ ቀናት ከጋዲሴ በቀር ከውጭ መጥቶ ደጁን የረገጠ ሰው አልነበረም።

ስመኝ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ካደገች በኋላም ጋዲሴን አንድ ቀን አላማችም። ቤቷ አጠገብ ሱቅ እያለ በየሳምንቱ ስኔሊንግ ድረስ ድራይቭ አድርጋ ቅመሟን ከእሷ ትገዛለች። ይህን ለእናቷ አትነግርም።

የልደቱ ዕለት ጋዲሴ ሙሊሳን ፓርኪንጉ ላይ አውርዳ ልትመለስ ነበር። ኤልሻዳይ ግን ወጥታ እጇን ያዘቻት። ፓዮኒር እንግዳ ከበር አይመልስም አለቻት፣ በእንግሊዝኛ። ጋዲሴ ገባች።

ወይዘሮ ዘነበች ሳሎን ተቀምጠው ክሬም የተሞላ ጠርሙስ ይነቀንቁ ነበር። ቅቤ መናጥ ከጨዋታዎቹ አንዱ ነው። ለልደት የተጠራን ሰው ቅቤ ማስናጥ ያዩት ገና አሜሪካ መጥተው መሆኑን ሲናገሩ ነው ጋዲሴን ያዩዋት። ጠርሙሱ ቆመ።

ልጆቹ ድብብቆሽ ሊጫወቱ በየክፍሉ ተበተኑ። ስመኝ በሁለቱ መሀል ተቀመጠች።

«ሳልሞት አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ኮርኒሱን ማን ነገራቸው?»

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ ወንፊቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ቀና ብዬም አላየሁ።»

«ታዲያ ማን ነው? እኔ ነኝ? ወይስ ይቺ፣ ያኔ ሕፃን የነበረችው?»

ስመኝ ጠርሙሱን ከእናቷ እጅ ወስዳ መናጥ ጀመረች።

«እማዬ፣ ተዪው» አለች። «እትዬ ጋዲሴ አይደሉም።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ታዝኛለሽ።»

ስመኝ አፏን ከፈተች። በዚህ መሀል ኤልሻዳይ ሙሊሳን በሸሚዙ እየጎተተች ከጓዳ ወጣች። ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነበር የተደበቀው። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ልቀቂው» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ልጁን ወደ ራሳቸው ስበው አቧራውን አራገፉለት። ከዚያ ጋዲሴን ሳያዩ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ። ለዚህ ልጅ ስል» አሉ።

«ያላደረግሁትን ነው፣ እትዬ» አለች ጋዲሴ። ቢሆንም ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ቅቤው ወጣ። ስመኝ አሁንም ትንጥ ስለነበር ጋዲሴ ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችላት። ሁሉም የበቆሎ ዳቦውን በቅቤ በላ። ወይዘሮ ዘነበች ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ከጋዲሴ ጋርም ያ ወንፊት እስከ ዛሬ አለመመለሱን አንሥተው ሳቁ።

ሻማው ከጠፋ በኋላ ኤልሻዳይን ጠርተው ከጸሎት መጽሐፋቸው መሀል አንድ ያረጀ ፎቶ አወጡ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረች ቀጭን ልጅ ናት።

«እናትሽም ፓዮኒር ነበረች» አሏት።

ስመኝ ሳህኖቹን መሰብሰቧን ተወች። ኤልሻዳይ ፎቶውን አገላብጣ አየች። የእናቷ ሻርፕ ቀይ ሆኖ የእሷ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ጠየቀች። ቀጥላም ቀዩን ለማግኘት እናቷ ምን አድርጋ እንደነበር ጠየቀች።

«ለታማኝነቷ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ፎቶውን በመዳፋቸው እያበሱ። «በሰልፉ ፊት ጠርተው አሰሩላት፤ ኢያሱን በወሰዱት በሳምንቱ።»