ስድስት ሊሊ

የአበባ ማስቀመጫውን ከጠረጴዛው አንስቼ በረንዳ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እናቴ መልሳ ታስገባዋለች። ይሄ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። እንግዶቹ ዓሣቸውን እየበሉ፣ ያላዩ መስለው ያዩናል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» ትለኛለች ወጥ ቤት ጎትታኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስቶያንካ ከከተማው ዳር ድረስ ይዛልኝ መጥታ አበባዋን ደጅ ላሳድረው?»

«እማዬ፣ ሊሊ ድመት ይገድላል። ስንቴ ልንገርሽ? ፒሳና መብላት እንኳን አያስፈልጋትም። የአበባው ዱቄት ፀጉሯ ላይ አርፎ ከላሰችው በቃ፣ ኩላሊቷ አለቀለት። የእንስሳት ሐኪሙ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«እኛ መንደር ስንት ድመት ነበር መሰለሽ። አበባው ውስጥ ነበር የሚተኙት፤ አንድም የሞተ የለም።»

ጥርሴን እነክሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያልደወልኩለት ዘመድና ጎረቤት የለም። ጽጌረዳ አምጡ፣ ቸኮሌት አምጡ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ፣ ሊሊ ብቻ ይቅርብን ብዬ ለምኛለሁ። ግን ዛሬ ሆሳዕና ነው፤ በአበባ ስም የሚጠራ ሁሉ የስም ቀኑን የሚያከብርበት። እናቴ ደግሞ ጽቬታና ናት፣ ስሟ ራሱ አበባ። ለስም ቀን ሰው አይጠራም፤ ያሰኘው መጥቶ ያንኳኳል። ታዲያ ለማን ደውዬ ልጨርስ? እትዬ ስቶያንካን፣ የእናቴን የድሮ የፋብሪካ ባልደረባ፣ ጭራሽ ረስቻታለሁ። ነጭ ሊሊ ታቅፋ ዱብ አለች።

እሷ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው ፒሳናን አፈፍ አድርጌ አባቴ ክፍል የዘጋሁባት። ድመቷ የእሱ ናት። ገበያው ደረጃ ሥር አግኝቶ በኪሱ ይዟት መጣ፤ ባለፈው ጥቅምት እሱ ሲሞት ትራሱ ላይ ቀረች። እናቴ ድመት አልወድም ትላለች። ጠዋት ጠዋት ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ስታወራት እሰማለሁ፤ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ለእሱ ታወራለት የነበረውን ሁሉ።

መቀስ ይዤ ወደ ጠረጴዛው እመለሳለሁ። አበባው ካልወጣ ዱቄት ያለበትን ጫፍ ጫፉን ልቁረጠው።

«ምነው፣ ፀጉሩን ልታስተካክዪው ነው?» ትላለች እትዬ ስቶያንካ። እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ማንም ነገሬ ባላለኝ ቤት አንድ ሳምንት ጮኼ ድምፄ አልቋል።

እየቆረጥኩ እቆጥራለሁ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። እንደገና እቆጥራለሁ። ስድስት።

«እትዬ ስቶያንካ፣ ስድስት ነው እንዴ ያመጡት?»

እንግዶቹ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራሉ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚቆጠር አበባ የሚወሰደው ለመቃብር ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እንጂ ስድስት አይሰጥም፤ ይሄንን እኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል።

እትዬ ስቶያንካ ሹካዋን ታስቀምጣለች። «ለጽቬታና ስድስት? ለቀብር የመጣሁ መሰለሽ? ሰባት ነው። ሻጯ ፊት ሁለቴ ነው የቆጠርኩት።»

እናቴን አያታለሁ። የደረቀ ሳህን በፎጣ ታደርቃለች።

«አንዱን ለአባትሽ ሰጠሁት» ትላለች። «ፎቶው አጠገብ።»

«አንድ?» እላለሁ ሳላስበው። ለሞተ ሰው ሁለት እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

«አንድ» ትላለች፣ ቀና ሳትል። «ሁለት ላደርግ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

 እኔም አባቴን እያሰብኩ እቆማለሁ፤ ነገሩ ቆይቶ ነው የሚገባኝ። ፎቶው ያለው እሱ ክፍል ነው። ፒሳናን በገዛ እጄ የዘጋሁባት እዚያ ነው።

በሩን ስከፍት ሊሊው የነበረበት ብርጭቆ ተገልብጦ ውሃው ከኮመዲኖው ይንጠባጠባል። ሊሊው ትራሱ ላይ ወድቋል። ፒሳና አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ነጭ ደረቷና አንድ ጉንጯ በአበባው ዱቄት እርድ የነካው ይመስላል። የፊት እግሯን ወደ አፏ እያነሳች ነው።

የሳምንቱን ንዴት ሁሉ እናቴ ላይ ላወርድ ነው። የምለውን አዘጋጅቼ ዞር ስል ከኋላዬ የለችም፤ አልፋኝ ገብታለች። ድመቷን ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ ለጥፋታለች።

«ቁልፍሽን ያዢ» ትለኛለች። «ደውዪለት ለሐኪምሽ።»

ደረጃውን እየወረድን እደውላለሁ። በበዓሉ ተረኛ የሆነው ሐኪም አሁኑኑ አምጧት፣ አንዲት ደቂቃ አታባክኑ ይላል። ከአምስተኛ ፎቅ ነው የምንወርደው። እናቴ በቤት ጫማዋ ናት። ፒሳና እየጮኸች በኋላ እግሯ ክንዷን ትቧጭራታለች፤ የበዓል ሸሚዟ እጅጌ ደም ነክቶታል።

አትለቃትም። በአንድ እጇ ሁለቱን የፊት እግሮች ጨብጣለች። በሌላው አገጯን ቀና አድርጋ ምላሷን ከፀጉሯ አርቃለች። እንዲህ ያዢያት ብዬ አሳይቻት አላውቅም።

«አትላሺ» ትላታለች በየደረጃው። «አትላሺ የኔ እናት፣ አትላሺ።»