ከግራ የማይመጣ ኳስ

«አሰልጣኛችን ግራኝ ሰው አይወድም ነበር።» ኳስ አከፋፋይዋ ይህን ወሬ የጀመረችው በኮሌጅ ቡድን አብረው ሲጫወቱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሟቹን አሰልጣኝ ለማሰብ አሮጌው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙም ደገመችው። ግራኟ እንደ ድሮው አመነቻት። በዚያ ቡድን ቁመት የነበራት ቀጭኔ የሚሏት ልጅ ብቻ ናት፤ የቀሩት ድንክ ቢባሉ አይበዛባቸውም። ስለዚህ ጨዋታቸው ሁሉ ቅርጫቱ ሥር ለቆመችው ቀጭኔ ኳስ ማድረስ ነበር፤ ያውም በአሰልጣኙ ትእዛዝ ሁልጊዜ ከቀኝ በኩል። ግራኟ ግራ ጥግ ላይ እንደ ምሰሶ ቆማ ሦስት ዓመት ጨረሰች። በምረቃቸው ቀን አሰልጣኙ እጁን ሲዘረጋላት እጇን ኪሷ ከተተች።

ዛሬ ጫማዋን አውልቃ፣ ኳስ ይዛ ያንኑ ግራ ጥግ ያዘች። ጣውላው እግሯ ሥር እንደ ድሮው ተንቋቋ፤ የኳሱ የጎማ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ቀጭኔ ቅርጫቱ ሥር፣ ፊቷን ወደ ሜዳው መልሳ እጆቿን ዘርግታለች።

«አምጡት እንጂ! አረጃችሁ እንዴ?»

ግራኟ የሦስት ዓመት ቁጭቷን ኳሱ ላይ አሳርፋ ወረወረች። ኳሱ ዝንፍ ሳይል ሄደና የቀጭኔን ጉንጭ መትቶ ወለሉ ላይ ነጠረ። ቀጭኔ እጇን እንኳ አላነቃነቀችም።

«ውይ፣ አፈር ልብላ! አላየሽውም እንዴ?»

ቀጭኔ ጉንጯን እያሸች ሳቀች። ከዚያ ኳሱ በመጣበት በኩል ያለውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«በዚህኛው እኮ ከልጅነቴም አላይም፣ እህቴ። ኮሌጁ ከቡድኑ እንዳያባርረኝ ብሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም እንጂ፣ አሰልጣኛችን ያውቅ ነበር።»