ሂ ሃዝ፣ ሺ ሃዝ

ሃዝ የሚያስተምረው አንድ ግስ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙም የወጣው ከዚያው ነው። ከጎሚስታው ጀርባ ባለች ክፍል፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ «አይ ሃቭ፣ ዩ ሃቭ» ሲል ይውላል። «ሂ እና ሺ ጋ ሲደርስ ይጣመማል። ሃቭስ የለም። ሃዝ ነው።»

ተማሪ አጥቶ አያውቅም። ውጭ አገር ሥራ ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ መሄድ ይችላል። ቪዛ ሰጪው ቢሮ ታዲያ ሁለቱን ለየብቻ አስገብቶ፣ አንዱ ስለ ሌላው በእንግሊዝኛ እንዲናገር ይጠይቃል። ምን አለው? ምን አላት?

ጣጣው የውሸት ባልና ሚስት ነው። ባለፈው እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ተይዘው የሃዝን ስም ጠሩ። መርማሪው፣ «ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ሰው አስተምረህ ብትልክ አብረሃቸው ትገባለህ» አለው። ሃዝ ታላቅ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲመላለስ እስር ቤቱን እስከ በሩ ያውቀዋል። ከበሩ ወዲያ ያለውን ለማየት ጉጉት የለውም። ከዚያ ወዲህ ሳይመዝን ሰው አይልክም።

መጀመሪያ አናጢውና ሚስቱ መጡ። ጠና ያሉ ናቸው። አግዳሚው ላይ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀመጡ። መነጽራቸው አንድ ነው። እሱ አንብቦ ሲጨርስ ሳያያት ይዘረጋል፣ እሷም ሳታየው ትቀበላለች። ሃዝ፣ ድህነት ነው ብሎ አለፈው።

«ጋሼ፣ ስለ እሳቸው ይንገሩኝ።»

«ሺ ሃቭ...»

«ሃዝ።»

«ሺ ሃዝ ምላስ።»

«ሂ ሃዝ ጆሮ» አለች ሚስቱ፣ ከኮሌታው ላይ የእንጨት ብናኝ እየለቀመች። «ግን አይሰማበትም።»

«የሚወዱት ቀለም ምንድን ነው?»

«የእሷ? እኔ ምን አውቄ። አጠገብህ አይደለችም እንዴ፣ ጠይቃት።»

«የጋሼስ?»

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ቀለም ይወዳል? አታስቀኝ፣ ልጄ።»

ሃዝ በልቡ ያዘው። ሚስት የባሏን ቀለም ታጣለች?

በማግስቱ የታክሲ ሾፌሩና ነርሷ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩና ይቅርታ ተጠያየቁ። ቀለበታቸው ያበራል።

«ሺ ሃዝ ኤ ብራዘር» አለ ሾፌሩ። «ሺ ሃዝ ቲ ዊዝ ቱ ሹገርስ።» እንደ ውሃ ነው የሚወርድለት።

ሃዝ ደስ ብሎት ሻይ አስመጣ። ሾፌሩ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አማስሎ ሰጣት። ነርሷ ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች።

«ትኩስ ሆኖብኝ ነው» አለች። ከዚያ ቀጠለች። «ሂ ሃዝ ኤ ብሉ ሸርት። የሚወደው ቀለም ነው። አይደል፣ የኔ ፍቅር?»

«ነው፣ የኔ ፍቅር።»

የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። «አይ አም ሃቪንግ ኤ ዋይፍ» አለ።

«ሃቪንግ ለምሳ ነው» አለ ሃዝ። «እየበላህ ከሆነ፣ አይ አም ሃቪንግ ላንች ትላለህ። ሚስት ግን በልተህ የምትጨርሳት ነገር አይደለችም። አይ ሃቭ ኤ ዋይፍ።»

አናጢውና ሚስቱ ሲመለሱ ሃዝ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ አልቻልኩም። ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ።»

አናጢው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አላልኩሽም? ይሄው፣ ምላስሽ።»

«ተው እስቲ። ስለ ቀለሜ ሲጠየቅ ምን አውቄ ያልኩት እኔ ነኝ?»

እየተነታረኩ ሄዱ።

በቀጠሮው ቀን ሃዝ ሾፌሩንና ነርሷን ራሱ ቢሮው ድረስ ሸኛቸው። ግቢው ውስጥ ሲጠብቅ አናጢውና ሚስቱ በራሳቸው ድፍረት ሲገቡ አየ። አንጀቱን በሉት። ብዙም ሳይቆዩ፣ ፓስፖርቱን ማን ይያዝ በሚል እየተጨቃጨቁ ወጡ።

«ሰጧችሁ?»

«ሰጡን» አለች ሚስቱ። «ምን ዋጋ አለው፣ እሱ ይጥለዋል።»

ሃዝ ጠያቂው እንቅልፍ ይዞት ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚያ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ሃዝ የሚሉህ አንተ ነህ? ና፣ ግባ።»

ውስጥ ሾፌሩና ነርሷ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ሃዝን መሃላቸው አስቀመጠው፣ ለነርሷም ቃሏን እንድትጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ነርሷ ሁለት መስመር ጻፈችና ቆመች። በሃዝ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብላ ሾፌሩን አየችው።

«ወንድሜ ይቅርታ፣ እውነተኛ ስምህን ማን ልበል?»