የቁም ሳጥኑ በር

በአዲሱ ደንብ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ሳይታደስ አይወጣም። መውጫው ላይ ያለው ማሽን ጭረቱንም እድፉንም ያጠፋዋል። እኔ ደግሞ ስንት ወር ፈልጌ፣ ቤታችን ሲፈርስ የተሸጠውን ቁም ሳጥን እዚያ አገኘሁት። ወንድሜ ሱራፌል ሳይሞት፣ እናታችን በየእንቁጣጣሹ ቁመቱን በእርሳስ ታሰምር የነበረው በሩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ በሩን ብቻ ይተዉልኝ» አልኳቸው የመውጫውን ጥበቃ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው አሮጌውን በአዲስ ሲቀይሩለት ያለቅሳል እንዴ?» ብለው ወደ ማሽኑ ገፉት።

እያብረቀረቀ ወጣ።

ቤት ወስጄ ግድግዳው ጋ አቆምኩት። እርሳስ ይዤ ራሴው ላሰምር በሩ ፊት ቆምኩ። ሱራፌል በመጨረሻው ዓመት ትከሻዬ ላይ ይደርስ ነበር። ትከሻዬ ያኔ የት ድረስ እንደነበር ግን አላውቅም።