የአራት ቀን እሳት

ጋርኔት ቁልፉን ተጫነው። ከጥቁሩ ድንጋይ መሃል እሳት ቦግ አለ፤ እንጨት የለው፣ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። የካናዳዋ የማኒቶባ ግዛት የጥቅምት ንፋስ ተቆፋፍሮ የተተወውን አደባባይ ይገርፋል፤ እሳቱ ግን ከቁመቱ ዝንፍ አላለም።

«እንዴት ነው አጎቴ?» አለ አጠገቡ የቆሙትን ሽማግሌ።

በሥጋ አይዛመዱም። ግን ከአገሩ ቀደምት ሕዝብ፣ ከአኒሺናቤ ተወልዶ ሽማግሌን በስሙ ብቻ የሚጠራ የለም። ጋርኔት ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አደባባይ ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከተማው የቀደምት ነዋሪዎቹን ባህል ያክብርበት ተብሎ የታሰበው ቦታ መሃሉ እሳት እንዲሆን የጠየቁት ደግሞ ሽማግሌው ኦቤድ ናቸው።

ኦቤድ እጃቸውን ወደ ነበልባሉ ዘረጉ። ይሞቃል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

«አጠገቡ ማነው የሚቀመጠው?»

«ማንም መቀመጥ የለበትም። ጋዝ እኮ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ሆነው ያበሩታል፣ ያጠፉታል።»

«ያጠፉታል!» አሉ ኦቤድ። እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «ሻይ ለማፍላት ግሩም ነው» አሉ።

የእሳት ደህንነት ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ቶርሰን ፋይሏን ብብቷ ስር ሸጉጣ ፈገግ አለች። ጋርኔት ግን ፈገግ የሚልበት ሆድ አልነበረውም። ምክር ቤቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ሽማግሌው ካልፈረሙ ንድፉ አይጸድቅም፤ ካልጸደቀ የእሳቱ ቦታ የአበባ መደብ ይሆናል። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነግሯቸዋል።

ኦቤድ ይህን እሳት የፈለጉት በእህታቸው በፊሎሜን ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሆስፒታል ሞተች። በአኒሺናቤ ባህል ሰው ሲሞት እሳት ይለኮሳል፤ አራት ቀን ሳይጠፋ ይነድዳል፤ ሟች መንገዱን የሚያየው በዚያ ብርሃን ነው። ኦቤድ በተከራዩት ቤት ጓሮ ለኮሱላት። በሁለተኛው ቀን አንድ ጎረቤት ጭሱን አይቶ ደወለ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። የመጡት ልጆች ጨዋዎች ነበሩ፤ ውሃውን የለቀቁበት ይቅርታ እየጠየቁ ነው። ኦቤድም ጨዋ ሆኑ። የጓሮውን በር የከፈቱላቸው ራሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ውስጣቸውን የሚበላቸው ይኸው ነው፤ እህታቸውን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጨለማ ውስጥ ጥለዋታል።

«አልፈርምም» አሉ።

«አጎቴ፣ እባክዎ! ከዚህ የተሻለ አናገኝም። መሃል ከተማ ላይ እንጨት አንድዱ ብሎ ማን ይፈቅድልናል? እስኪ እሷን ይጠይቋት!» በከንፈሩ ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠቆመ።

ወይዘሮ ቶርሰን ፋይሏን ገለጠች። «እንጨት አልተከለከለም። የጠየቀኝም የለም። ግን ግዴታው ከባድ ነው።» ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች አነበበች። «እሳቱ ከተለኮሰበት እስከሚጠፋበት ሰዓት ኃላፊነት የወሰደ ሰው ከአጠገቡ አይለይም። ቀንም ሌትም። እንቅልፍ ክልክል ነው፤ የደከመው ሌላ ሰው ሲተካው ብቻ ይነሳል። መጠጥ የቀመሰ አይጠጋም። ቆሻሻ አይጣልበትም።» ቀና አለች። «ይህን የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ሁሉም ጋዝ የሚመርጠው ለዚህ ነው።»

ኦቤድ አፍጥጠው አዩአት።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«የከተማው ደንብ ነው።»

«አያቴ ናቸው እንጂ!» ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ደረታቸውን ያዙ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እሳት አጠገብ አስቀምጠው አሁን ያነበብሽውን ነው ያስተማሩኝ። አንድም አልቀረም። መጠጡን ጨምሮ!»

ጋርኔት ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ንድፉን ዳር በቆመው መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋና በእርሳሱ የጋዙን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።

«ጥቁሩ ድንጋይስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ድንጋዩን የመረጠው ራሱ ነበር።

«ይነሳ። ባዶ መሬት ይሁን።»

ኦቤድ ፈረሙ። ወይዘሮ ቶርሰን ደግሞ ሌላ ቅጽ አወጣች፤ እሳቱን የሚጠብቀው ኃላፊ ስም ይጻፍ ይላል። ሽማግሌው ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ ግን እጃቸው ከወረቀቱ አልተነሳም። ሐኪሙ በሐምሌ ስለ ልባቸው የነገራቸውን እስካሁን ለማንም አልተናገሩም። ስማቸውን መልሰው ሰረዙት።

«ተሳሳቱ እንዴ?» አለች ወይዘሮ ቶርሰን።

«አዎ።» ወደ ጋርኔት ዞሩ። «የመጀመሪያው እሳት የኔ ሳይሆን አይቀርም። በራሴ እሳት ደግሞ እኔ ልቀመጥ አልችልም።»

ጋርኔት ምን እንደተባለ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። በጨቅላነቱ ከወገኖቹ ተወስዶ ባዕዳን ቤት ያደገ ሰው ነው። ሦስት ዓመት እሳት ሲነድፍ አንዲት ፍልጥ ማግዶ አያውቅም፤ ይህን ኦቤድም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው «አንተ ጠብቅልኝ» ብለው ያልጠየቁት። እሱም ስለ ልባቸው አልጠየቀም። ብዕሩን ከእጃቸው ወስዶ ከተሰረዘው ስም ስር ቀስ ብሎ የራሱን ጻፈ።

«እንጨቱን ከየት በኩል ነው የምጀምረው?» አለ።

ኦቤድ ከጋርኔት የደረት ኪስ እርሳሶቹን መዘዙ። ንፋሱ ንድፉን እንዳይወስደው በአንድ እጃቸው ጫን አድርገው ያዙትና አንዱን እርሳስ እንደ ፍልጥ አድርገው በንድፉ ላይ ባለው የእሳቱ ክብ ውስጥ በምሥራቅ በኩል አስቀመጡ። ሁለተኛውን ለጋርኔት ሰጡትና እስኪያስቀምጠው ጠበቁ።