የአስታማሚ ወንበር

አናጢው ወንበሩን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ አልጋ አደረገው፤ በጉልበቱ ነካ አድርጎ ደግሞ መልሶ ወንበር አደረገው። ከሆስፒታል የመጣችው የግዢ ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለች። ደገመላት። ድገም ካሉት እስኪመሽ የሚደግም ሰው ነው።

ጥግ ላይ፣ የስፌት መኪናው ጋ የተቀመጠችው የሟች ወንድሙ ሚስት ናት። የወንበሩን ሽፋን የምትሰፋው እሷ ነች። ባሏ ካረፈ ሰባት ወሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሦስት ልጆቿን ጉሮሮ የሚደፍነው ይህ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ቤቱም ቢሆን እህል ውሃው እያለቀ ነው። አራት ወር ሙሉ ከሁለት በርና ከአንድ የተሰበረ ቁም ሣጥን በቀር ሥራ የሚባል አልገባም። ስለዚህ መርፌ እንደሚያስተካክል ሰው አጎንብሳ፣ በልቧ «በይ ፈርሚ፣ በሞቴ ፈርሚ» ትላለች።

«ለመሆኑ ሐሳቡን ከየት አመጡት?» አለች ኃላፊዋ።

አቤት! ይህን ጥያቄ ነበር ሲጠብቅ የኖረው። እጁን በሽርጡ ጠራረገ።

«ከመንገድ ነዋ! እዚህ ተጎልቼማ ከየት አመጣዋለሁ? ወንድሜን ላስታምም አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ወንበር ሞልቶ ረዳቱ መተላለፊያው ላይ የምትዘረጋዋን ትርፍ መቀመጫ ሰጠኝ። ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀመጥኩባት፤ ግን ማጠፊያዋን አየኋት። አንድ ብሎን ብቻ! ሆስፒታል ስደርስ ደግሞ አስታማሚው ሁሉ ካርቶን አንጥፎ መሬት ላይ ተደርድሯል። የአንዱን ሽማግሌ እግር ረገጥኩ። ይቅርታ ብለው ‹ግድ የለም፣ አንተ አራተኛ ነህ› አይለኝም መሰላችሁ? በቃ፣ ያቺ መቀመጫ ትዝ አለችኝ።»

ኃላፊዋ ከልቧ ሳቀች። ሰፊዋም ፈገግ አለች። ጭንቅ ውስጥም ቢሆን የእሱ ዓይን ዕቃ ላይ ነው። ባሏም እንዲሁ ነበር፤ ሰው ቤት እራት ተጋብዞ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛ እግር እያየ ስንቴ አሳፍሯታል።

«ደስ ይላል» አለች ኃላፊዋ፤ «ግን የኛ ክፍሎች ጠባብ ናቸው። በአልጋውና በግድግዳው መካከል መግባቱን በምን አውቃለሁ?»

«ለክቼዋለሁ እኮ!» አለ አናጢው ደረቱን ነፍቶ። «ማክሰኞ ጠዋት፣ ዶክተሮቹ ራውንድ ሳይጀምሩ፣ ሜትሬን አውጥቼ ከወንድሜ ራስጌ እስከ ግርጌው፣ ከአልጋው እስከ ግድግዳው፣ አንድም አልቀረኝ። ወረቀት ስላልነበረኝ መዳፌ ላይ ነው የጻፍኩት።»

የሰፊዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ባሏ ያረፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዶክተሮቹ ራውንድ ሳይጀምሩ። ይህ ሰው መርዶ ይዞላት ሲመጣ «ሁለቱንም እጁን ይዤው ነበር» ነው ያላት። «የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠርቶ፣ በሰላም አረፈ።» ሰባት ወር ሙሉ የቆመችው በዚህች ቃል ነው። ትንሿ ልጅ ባለቀሰች ቁጥር «አባትሽ እኮ ስምሽን ጠርቶ ነው ያረፈው» ትላታለች።

ኃላፊዋ የመቶ ሃያ ወንበር ትእዛዝ ፈርማ ወጣች። አናጢው እስከ መኪናዋ ሸኝቷት፣ እጆቹን እያፋተገ ተመለሰ።

«ሰማሽልኝ? መቶ ሃያ! እልል በይ እንጂ፣ ምን ያስተክዝሻል!»

«ጋሼ» አለች። «ማክሰኞ ጠዋት በየትኛው እጅዎ ነው የለኩት?»

እጁን ማፋተጉን ተወ።

«ያው... ለሴትዮዋ ወሬ ላሳምርላት ብዬ...»

«አይዋሹኝ። ሁለቱንም እጁን ይዤው ነበር ብለውኛል።»

የሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለ። «የተኛ መስሎኝ ነው» አለ። «በእናቴ፣ የተኛ መስሎኝ ነው።»

«የልጆቹን ስም ጠራ ያሉትስ?»

ዓይኑን መዳፉ ላይ ተከለ።

«ታዲያ ምን አለ? አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። ምን አለ? ንገረኝ እንጂ!» ወንድሙን ካገባች በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ማንኛቸውም ልብ አላሉትም።

«ሜትሩን በላዩ ዘርግቼ ቆሜ ሳለ ዓይኑን ገለጠ» አለ። ድምፁ ያ ሲያወራ የነበረው ሰው ድምፅ አልነበረም። «አባታችን የሬሳ ሣጥን ነበር የሚሠራው። ለመለካት ግን እኛን ነበር የሚልከን። ልጆች ሆነን ስንቱን ነፍሱ ሳይወጣ አልጋው ላይ ለክተናል። ሜትሩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ‹ትከሻዬ ጋ ሰፋ አድርገው› አለኝ።»

ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ላንተ አይደለም አላልከውም? ለወንበር ነው አላልከውም?»

«ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ‹እሺ› አልኩት።» አለቀሰ፤ እንባው አፍንጫው ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። «ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቦታ የለቀቀልኝ መስሎኝ ለክቼ ጨረስኩ።»

ውጭ ቆሞ የቆየው የሴትዮዋ መኪና ተነስቶ ሄደ። ሰፊዋ ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምን እንደምትላቸው አላወቀችም፤ ምን እንደሚበሉ ግን ታውቃለች፤ እዚህ የሚገኘውን ነው። ተመልሳ ቦርሳዋን አስቀመጠች። የጨርቁን ጥቅል ወለሉ ላይ ዘረጋችና መቀሱን ይዛ በጉልበቷ ተንበረከከች።

አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አቀበላት። አልተቀበለችውም። ጨርቁን በስንዝሯ እየለካች መቁረጥ ጀመረች።